አረንጓዴ ክር የነበራት ዓሣ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። በየዓመቱ ጾም ሊገባ ሲል ንስሐ አባቴ ዘንድ እቀርባለሁ። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ገበያ ላይ የማልኩትን የውሸት መሐላ ሳይቀር እዘረዝርላቸዋለሁ። እዚህች ጋ ስደርስ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፋታለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል አባ። «ሌላ የለም» እላለሁ። አለ እንጂ። አሥር ዓመት ሙሉ አለ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ስለዚህ ለዛሬ ብቻ እንደ ንስሐ አባት ሆናችሁ ስሙኝ።

ነገሩ የአንዲት ዓሣ ነገር ነው። አትሳቁ። መርካቶ ውስጥ ስንት ጉድ እየተሠራ ይሄ ሰውዬ በዓሣ ሊናዘዝ መጣ የምትሉ አትጠፉም። እኔም ለራሴ እንዲያ እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። «ዓሣ እኮ ናት» እያልኩ።

ታደሰ እባላለሁ፤ ገመድ እሸጣለሁ። ሲባጎ፣ ናይለን፣ የጭነት ገመድ፣ ሁሉንም በክንዴ እየለካሁ። ሱቄ ሸራ ተራ ነው። ከግድግዳዬ ወዲያ ጋሽ ሰይድ ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ ከሐይቅ ዳር የመጡ፣ የጭነት መኪና ሸራ በእጃቸው የሚሰፉ። የሚሰፉበት ክር በሰም የታሸ አረንጓዴ ክር ነው፤ ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ፀሐይ አይበጥሰውም። መርፌያቸው ከኮታቸው ኮሌታ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ለሠርግም ለለቅሶም ከነመርፌያቸው ነው የሚሄዱት፤ እኛም እንስቅባቸዋለን።

ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሑድ መርካቶ ሲዘጋ በሚኒባስ ቢሾፍቱ እንወርድና ሐይቁ ዳር ተቀምጠን እንውላለን። የያዝነውን ትናንሽ የቆሮሶ ዓሣ ተካፍለን እንመለሳለን። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር። «የማትበላውን አትግደል። በከንቱ የገደልካት ነፍስ ፍርድ ቀን ትከስሃለች» ይሉኛል። «ጋሽ ሰይድ፣ ዓሣ በምን አፏ ነው የምትከሰኝ?» እላቸዋለሁ። «ያን ቀን ይሰጣታል» ብለው ይስቃሉ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ዘሀራ። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሆስፒታል ገብታ ምጡ ሁለት ቀን ሆናት። ሐኪሞቹም ሰጉ። ጋሽ ሰይድ ኮሪደሩ ላይ ሲንቆራጠጡ ሰውን ሁሉ ስላስጨነቁ «አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ወጣ ብለው ይመለሱ» ተባሉ። ቤትም መቀመጥ አልቻሉም። እሑድ ነበርና ውሃ ቢያዩ ይረጋጉ ይሆናል ብዬ ሐይቁ ጋ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መንጠቆውን የጣሉት እጃቸው ስለለመደ ነው እንጂ ልባቸው እዚያ አልነበረም።

ያቺ ዓሣ የወጣችው ያን ቀን ነው። አምባዛ ናት፤ ራሷ ጠፍጣፋ፣ ሪዟ ረጃጅም፣ ገላዋ ቅርፊት የሌለው ልሙጥ ጥቁር። ሁለታችን ተጋግዘን ነው ሣሩ ላይ የጎተትናት። እንደ ልማዴ በክንዴ ለካኋት፤ ሁለት ክንድ ከስንዝር። እኔ እየጨፈርኩ ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው ሆዷን ያያሉ። ሆዷ በእንቁላል ተወጥሯል።

«ያዛት» አሉኝ።

ያዝኳት። ከኮሌታቸው መርፌውን፣ ከኪሳቸው ክሩን አወጡ። ከጀርባዋ ክንፍ ላይ ሁለት ጊዜ አዙረው ሰፉት፤ ሸራ ሲጨርሱ የሚቋጥሩትን የራሳቸውን ቋጠሮም ቋጠሩበት። «ያ አላህ፣ ይህቺን እናት ከነልጆቿ ለአንተ ብዬ ለቅቄያታለሁ። የእኔንም ልጅ ከነልጇ አውጣልኝ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ታደሰ፣ አንተ ምስክር ነህ።»

ስለት መሆኑ ነው። ተጋግዘን ውሃው ውስጥ አወረድናት፤ ጭራዋን አንዴ መትታ ሄደች።

ሚኒባስ ሳንሳፈር ስልካቸው ጮኸ። ሴት ልጅ፤ እናትም ደህና፣ ልጅም ደህና። ጋሽ ሰይድ አስፋልቱ ዳር፣ አቧራው ላይ፣ ግንባራቸውን ደፍተው ሰገዱ። እኔም ቆሜ አለቀስኩ። ሕፃኗ ረሂማ ተባለች። ዓሣዋም ከዚያን ቀን ጀምሮ «የረሂማ ዓሣ» ሆነች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሲሰፉ የያዝኳት እኔ ነኝ። ምስክር የተባልኩት እኔ ነኝ። አላወቅኩም ነበር የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

ሁለት ዓመት አለፈ። የምኖረው ሰባተኛ ሰፈር ነው፤ ብዙ አባወራ የሚኖርበት አንድ ግቢ። የግቢው ሰው እሑድ ማታ ገና ከበር ስገባ «ዓሣ አጥማጁ! ዛሬስ ምን ያዝክ፣ ጉንፋን?» እያለ ይቀበለኛል። ሸራ ተራም ያው ነው። ለሳቅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ሁለት ክንድ ከስንዝር የምታህል ዓሣ በእጄ ይዤ እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ ባሰ። «እሷማ በክንድ ሳይሆን በወሬ ነው የተለካችው» አሉኝ። ይህቺ ቃል ለምን እንደዚያ እንዳመመችኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ በትክክል ለክቶ በመሸጥ የታወቀ ሰው፣ በልኬቱ ተሳቀበት ብዬ ይሆን?

አንድ እሑድ ጋሽ ሰይድ የዘመድ ኒካህ ስለነበራቸው ብቻዬን ወረድኩ። ስምንት ሰዓት ግድም መንጠቆዬ ከበደ። ከብዙ ትግል በኋላ ስትወጣ ገና ከጀርባዋ ክንፍ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ክሩ በውሃ ሻጋታ ተሸፍኖ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ቋጠሮው ያው ነው። በጣቴ ዳሰስኩት። ዓለም ላይ እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ልልቀቃት አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ እጆቼን ከሥሯ አስገብቼ ሁሉ ነበር። ከዚያ ግን ማንም የለም፣ ማንም አላየም፣ ዛሬም ብናገር ማንም አያምነኝም አልኩ። የግቢው በር ታየኝ። በዚያ በር እሷን ተሸክሜ ስገባ ታየኝ። የገመድ መቁረጫዬን አወጣሁና ክሩን ቆረጥኩት።

እዚህ ላይ ልቁም። ዓሣ መያዝ ኃጢአት አይደለም። ክሩን የቆረጥኩት ግን አውቄ ነው። ስለቷን ከዓሣዋ ለየሁና ማንኛዋም ዓሣ አደረግኳት። ከዚያ ክሩን ውሃው ውስጥ መጣል ስችል ኪሴ ከተትኩት። ለምን? መጣሉን ፈራሁት መሰለኝ።

አምባዛ እንደ ሌላው ዓሣ ቶሎ አትሞትም። እርጥብ ነገር ውስጥ ካደረጓት ለሰዓታት ትቆያለች። ያደረግኳት ሸራ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ቦርሳውን የሰፉልኝም ጋሽ ሰይድ ናቸው። ሚኒባሱ ውስጥ እግሬ ሥር ትንቀሳቀሳለች። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ምንድን ነው ልጄ የያዝከው?» አሉኝ። ዓሣ ነው ስላቸው ጎንበስ ብለው አዩ። «ነፍሷ አልወጣም እኮ፤ ታሳዝናለች» አሉ። ዱከም ላይ መውረድ እችል ነበር። ቃሊቲ ላይ መውረድ እችል ነበር። ባዶዬን አልገባም አልኩና ሳልወርድ ቀረሁ።

ሰባተኛ ስንደርስ በሕይወት ነበረች። ይህን ነው ለአባ ልነግራቸው አቅቶኝ የኖርኩት። ግቢያችን ውስጥ ውሃ የተሞላ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር። እሷን እዚያ ጨምሬ በነጋታው በማለዳ ልመልሳት እችል ነበር፤ ከሐሳቤም አልጠፋም። ግን ሳፋ ውስጥ የተኛች ዓሣ ትልቅነቷ አይታይም። ከሱቄ ባመጣሁት ገመድ ከግቢው በር ጉበን ላይ ሰቀልኳት።

ያን ቀን ጀግና ሆንኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ከእኔና ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሣ። «ይቅርታ ታዴ፣ ሰው አምተን ነበር!» አሉኝ። እኔ እየሳቅኩ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ባይ የመተንፈሻ ስንጥቧ አሁንም ብድግ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ አላየሁም።

ባለቤቴ ከቤት ወጥታ ስታያት ጮኸች። «ቅርፊት የሌለው ዓሣ እቤቴ አይገባም!» አለች። እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት አምባዛ አይበላም፤ አባቶቻችንም አልበሉም። ይህን ያን ቀን አይደለም የሰማሁት፤ ሳጠምዳትም፣ ክሩን ስቆርጥም፣ ስሰቅላትም አውቅ ነበር። የጋሽ ሰይድ ቤት ይበላል። ግን እንዴት ብዬ ልስጣቸው? በማግስቱ ጠዋት ዝንብ ወርሷት አገኘኋት። በማዳበሪያ ጠቅልዬ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኳት። ያቺን የሚያህል ነፍስ፣ የሰው ልጅ የተማፀነባትን፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር።

ሱቅ ስደርስ ፎቶው ቀድሞኝ ደርሷል። ጋሽ ሰይድ የአንዱን ስልክ ይዘው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያዩታል።

«ማሻአላህ፣ ትልቅ ናት። የረሂማን ዓሣ ታህላለች» አሉ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠኝም። ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼው ነው የመጣሁት። «እሷንም አገኘኋት እኮ ጋሽ ሰይድ! መጀመሪያ መንጠቆውን የያዘችው እሷ ነበረች። ክሩን አይቼ ለቀቅኳት። ይቺ ከእሷ በኋላ የመጣች ናት» አልኳቸው።

ስልኩን ለባለቤቱ መለሱ። የሚሰፉትን ሸራ ከጭናቸው ላይ አንሥተው ቆሙ። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ በሚተራመሱበት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አላህ ያክብርህ ልጄ። ላዘንክላት ነፍስ የሚያዝንልህ አትጣ። ደጅህ አይዘጋ፣ ፊትህ አይጥቆር። ለእኔ ልጅ የዋልከው ለልጅ ልጅህ ይድረስ። አሚን በል!»

«አሜን» አልኩ።

አልኩ። የሸራ ተራ ሰውም አብሮኝ አለ። ምርቃት በወሎ ሰው አፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዝም ብሎ ደህና ዋል እንደማለት አይደለም። እኔ ያን ምርቃት ክሩን ኪሴ ውስጥ ይዤ ተቀበልኩ። ያውቁ ነበር ይሆን ብዬ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። አያውቁም ነበር። የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይመርቅም።

ከዚያ በኋላ ውሸቴ ቀለብ ፈለገ። ሐይቁ ዳር በተቀመጥን ቁጥር ጋሽ ሰይድ ዓይናቸው ውሃው ላይ ነው፤ «ዛሬ ብቅ ትል ይሆን?» ይላሉ። እግራቸው ደክሞ መውረድ ሲያቅታቸው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ይጠብቁኛል። «አየሃት?» ባዶ ፊታቸውን ማየት ስለማልችል አንዳንዴ አየኋት እላለሁ። ወፍራለች፣ ክሩ ደብዝዟል፣ ጭራዋን መትታ አለፈች። ደስ ሲላቸው እኔም ደስ ይለኛል፤ አይገርማችሁም? ውሸቴን ለረሂማ ይዘውላት ይሄዳሉ። ልጅቷ በእኔ ውሸት አደገች። «ዓሣዬ ስንት ልጆች አሏት ጋሼ?» ትለኛለች። እኔ እቆጥርላታለሁ።

ጋሽ ሰይድ ባለፈው ዓመት አረፉ። ሊሞቱ ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀልሎ ነበር። «ረሂማን ሐይቁ ጋ ውሰዳት። ዓሣዋን አሳያት። ከእኔ ሌላ የሚያውቃት አንተ ነህ። አደራ» አሉኝ። ልንገራቸው ነበር። አፌን ከፈትኩ። «አብሽሩ ጋሽ ሰይድ፣ እወስዳታለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በእኔ ተገለበጠ። የተወጋው ሳያውቅ እየመረቀኝ ሄደ፤ የወጋሁት እኔ አልረሳሁም። ዓሣዋንስ አልበላሁም፤ የበላሁት አደራ ነው።

ልጅቷን አንድ ዓመት አመላለስኳት። ክረምት ነው፣ ጾም ነው፣ ገበያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደ አያቷ አትጨቀጭቅም፣ ትጠብቃለች። ምክንያት አለቀብኝና ነገ እሑድ እንሂድ አልኳት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች። ከቦርሳዋ በመሀረብ የተቋጠረ ነገር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። የአያቷ መርፌ ነው። ከጎኑ አዲስ አረንጓዴ ክር አለ፣ በሰም የታሸ።

«ሰሙን ራሴ ነኝ ያሸሁት። አባባ አሳይቶኝ ነበር» አለች። «የድሮው ክር እስከ አሁን አርጅቷል አይደል ጋሼ? ካገኘናት አዲስ እንሰፋላታለን። እርስዎ ይይዙልኛል፣ እኔ እሰፋለሁ።»

እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ጣቶቿን አየሁ፤ ሰም ጥፍሯ ሥር ገብቷል። የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ብናገር በወጣልኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር ልላችሁ ነው፤ ሰው ባይኖርም አልናገርም ነበር።

«እንዳይጠፋብኝ እርስዎ ጋ ይደር» አለችና መሀረቡን እንደነበረ ቋጥራ ትታልኝ ሄደች። ከአያቷ ቀጥሎ እሷም አደራ ሰጠችኝ።

ከሄደች በኋላ የመንጠቆ ቆርቆሮዬን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ያ የቆረጥኩት ክር ከታች፣ ከካርቶን ሥር ነው። የውሃው ሻጋታ ደርቆ ረግፏል፣ ወዙ እንኳ አልጠፋም፤ ያ ሰም የሚገርም ነገር ነው። ቋጠሮውም እንዳለ ነው። የልጅቷን መሀረብ ፈታሁ፣ አሮጌውን ክር ከአዲሱ ጎን አስቀመጥኩ፣ መልሼ ቋጠርኩት።

እነግራታለሁ ብዬ አልምልም፤ መሐላዬን ታውቁታላችሁ። ነገ ግን መሀረቡን ሐይቁ ዳር የምትፈታው እሷ ናት። ቋጠሮውን ታውቀዋለች፤ የአያቷን ቋጠሮ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ሁለት ክር ስታይ ቀና ብላ ታየኛለች፣ እኔም የምሸሽበት አይኖረኝም። ይቅር በዪኝ አልላትም። ሰው ዘበተብኝ፣ ሰይጣን አሳሳተኝ አልላትም። ለአባም ከእሷ በኋላ እነግራቸዋለሁ፤ ከእሷ በፊት ግን ይቅር የሚለኝ ሰው አልፈልግም። የጠየቀችኝን ብቻ ነው የምመልስላት።

ክሩ አላረጀም፣ ረሂማ። እኔ ጋ ነበር።